ለደህንነት መሥሪያ ቤት አመልክተው ሲከለከሉ፦ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ምን ይደረጋል?

ደብዳቤው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ማመልከቻዬን እንደመረመሩት ይገልጻል፤ ሂደቱን እንደማይቀጥሉ ይገልጻል፤ በቃ። 14 ወር የጠበቅኩት መልስ ነው። በሩ አጠገብ እንደቆምኩ አነበብኩት፤ ከዚያ ምክንያቱ ከኋላ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት ሳነበው የከረምኩት ያንን ባዶ ገጽ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የዚህ ዓይነቱ መከልከል ከሌላው ስለሚለይ ነው። ሌላ ሥራ ያልተሳካለት ሰው ያዝናል፣ ለጓደኞቹ ያማርራል፣ ሌላ ቦታ ያመለክታል። የደህንነት ሥራ ግን፣ ፖሊስም ይሁን ድንበር ጥበቃ፣ የመረጃ ድርጅትም ይሁን የባለሥልጣናት ጥበቃ፣ እምቢ የሚለው ገመናዎን ሁሉ ዘርግፈው ካስረከቡ በኋላ ነው። የት የት እንደኖሩ፣ ከማን እንደተበደሩ፣ ወንድምዎ የት አገር እንዳለ፣ በ19 ዓመትዎ ምን እንዳጨሱ ነግረዋቸዋል። ጎረቤትዎ ሳይቀር ተጠይቋል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ «አይሆንም» ሲባል፣ ሰው «ሙሉ ማንነቴን አይተው ናቁኝ» ቢል አይፈረድበትም። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አይነግሩም፤ እርስዎም ለማንም እንዳይናገሩ ተብለዋል። ሐዘኑ መውጫ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በጊዜ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ደብዳቤው ዛሬ ከደረሰዎት ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ከቆየ ደግሞ የሚመለከትዎትን ይምረጡ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ዝም ይበሉ፤ ወረቀቱን ግን አይጣሉ

በመጀመሪያው ቀን እጅ የሚበላው ስልክ ለመደወል ነው፤ ለቅጥር ክፍሉ፣ ቃለ መጠይቅ ላደረገልዎት መርማሪ፣ ለማንም። አይደውሉ። ሰውየው ምክንያቱን ቢያውቅ እንኳ እንዲናገር አይፈቀድለትም፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሌላ ክፍል ስለሆነም ላያውቀው ይችላል። በንዴት የሚጽፉት ኢሜይል ደግሞ ፋይልዎ ውስጥ ይገባና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲያመለክቱ እዚያው ይጠብቅዎታል።

ደብዳቤውን ከነፖስታው ያስቀምጡት። የደረሰዎትን ቀን በጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ ይጻፉ። በስልክ ከተነገረዎት ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ የተናገረውንም ቃል እንዳለ ይጻፉት። ውጤቱ በድረ ገጽ ከሆነ የመጣው ገጹን ፎቶ ያንሱት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ፈልገው ያንብቡ፦ ይግባኝ ለማለት ወይም መልስ ለመስጠት የተቆረጠ ቀን አለ ወይ? ካለ ለእሱ ብቻ ይፍጠኑ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

የቀረውን ጊዜ ይዘኑበት። ማልቀስ የመጣለት ያልቅስ። አንድ ዓመት ሙሉ በሐሳብ ለብሰውት የኖሩትን መለዮ ነው የሚያወልቁት፤ «ገና ሳልቀጠር ምን አስለቀሰኝ» ብለው ራስዎን አይገሥጹ።

ደረጃ 2፦ የትኛው በር ላይ እንደቆሙ ይለዩ

ሁሉም ሰው «ወደቅኩ» ይላል። ግን የደህንነት ቅጥር ብዙ በሮች ያሉት ረጅም ኮሪደር ነው፤ በየበሩ የሚጠየቀው ይለያያል፤ የመከልከሉም ትርጉም እንደዚያው። ደብዳቤው ምክንያት ባይጽፍም የደረሰበት ጊዜ ብዙ ይናገራል። ከጽሑፍ ፈተናው ማግሥት ነው የመጣው? ከሕክምና ምርመራ በኋላ? ወይስ ጎረቤቶችዎ ከተጠየቁ ከወራት በኋላ?

የመጀመሪያዎቹ በሮች የውድድር ናቸው፤ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ የአካል ብቃት። እዚህ የቀረ ሰው ከእሱ የተሻለ ነጥብ ያመጣ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። የሚለካ ነገር ስለሆነም ይስተካከላል። ለምሳሌ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ለልዩ ወኪልነት የሚያመለክቱትን ፑሽ አፕንና ሩጫን በመሳሰሉ የአካል ብቃት ፈተናዎች ይፈትናል። በሩጫው የወደቀ ሰው ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ከመከልከል ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ የዕድሜ ገደብ። እዚያው ኤፍ ቢ አይ ልዩ ወኪል ሆኖ ለመሾም በመደበኛው ከ23 እስከ 36 ዓመት መሆን ያስፈልጋል። ሁለተኛ ሙከራ ከማቀድዎ በፊት ጊዜው እንደሚበቃዎት ይቁጠሩ።

ቀጥሎ የጤና በር አለ። የዓይን፣ የጆሮ ወይም የልብ ጉዳይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይነግሩዎታል። ይህ የባሕርይ ጉዳይ ስላልሆነ እንደ ጥፋት አይሸከሙት።

የሚያንገበግበው የመጨረሻው በር ነው፤ የኋላ ታሪክ ማጣራትና የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ቢገባዎት ከብዙ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ያድንዎታል፤ እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ። በአሜሪካ ይህን ፈቃድ የሚወስኑ ባለሙያዎች የሚመሩበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ አለ። ለአገር ታማኝነት፣ የውጭ አገር ግንኙነት፣ ዕዳ፣ መጠጥ፣ አደንዛዥ ዕፅ እያለ 13 ርዕሶችን ይዘረዝራል። የሁሉም ማሠሪያ የሆነው ሐሳብ፣ ጥርጣሬ ከቀረ ጥርጣሬው ለአገር ደህንነት እንዲያደላ ተደርጎ ይወሰናል የሚለው ነው።

ይህን ከፍርድ ቤት ጋር ያነጻጽሩት። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ካለ የሚጠቀመው ተከሳሹ ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ የሚቀረው አመልካቹ ነው። እንግዲህ ደብዳቤው «መጥፎ ሰው ነህ» አላለም። «ጥርጣሬያችንን ማጥፋት አልቻልንም» ነው ያለው። ጥርጣሬው ደግሞ ሁልጊዜ ከእርስዎ አይመነጭም። በብሪታንያ ለከፍተኛው የማጣሪያ ደረጃ በተለምዶ የ10 ዓመት ነዋሪነት የሚፈለገው ስደተኛ ስለማይታመን አይደለም፤ የኖሩበትን ዘመን የሚያጣሩበት መዝገብ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ዘመዶቹ በየአገሩ የተበተኑበት፣ የልጅነት መዝገቡ በጦርነት የጠፋበት ሰው አንዲት ቃል ሳይዋሽ ሊቀር ይችላል። ይህ ያማል። ግን ሌባ ከመባል ጋር አንድ አይደለም፤ በልብዎ ውስጥም አንድ አያድርጉት።

ደረጃ 3፦ ባዶውን ገጽ በሦስት ዓምድ ይክፈሉት

ምክንያት ያልተሰጠው ሰው ምክንያት ይፈጥራል። እኔ ቃለ መጠይቁ ላይ የቀለድኩትን አንድ ቀልድ ለሳምንታት አመነዠኩት። ከዚያ የከፋም አደረግኩ። መርማሪዎቹ ካነጋገሯቸው ሰዎች አንዱ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ «የሆነ ነገር ብሏቸው ነው» ብዬ ሁለት ወር ስልኩን ሳላነሳ ቀረሁ። በመጨረሻ ቤቴ ድረስ መጣ። «ስለ አንተ ሲጠይቁኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ፤ ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?» አለኝ፤ እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ይህ እንዳይደርስብዎት ወረቀት ያውጡና በሦስት ይክፈሉት፤ የማውቀው፣ የምገምተው፣ ላውቀው የማልችለው። በመጀመሪያው ሥር የሚገባው ማስረጃ ያለው ነገር ብቻ ነው፤ «በፈተናው 61 አመጣሁ»፣ «ያልከፈልኩት ዕዳ አለ»፣ «በቅጹ ላይ አንድ አድራሻ ረስቻለሁ»። «መርማሪው ፊቱን አጨፈገገ» ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። «ባልደረባዬ ምን አለ?» ወደ ሦስተኛው። ሲጨርሱ የሚያዩት ነገር ያስገርማል፤ የመጀመሪያው ዓምድ አጭር ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው። ከእንግዲህ የሚሠሩበት በመጀመሪያው ብቻ ይሁን።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎችን ለአምስት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ነገር የውስጣቸውን እንዲጽፉ አደረገ። የተሰማቸውን የጻፉት ስለሌላ ነገር ከጻፉትና ምንም ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አገኙ። ብዙ ማመልከቻ ስለላኩ አልነበረም፤ የላኩት ቁጥር ተቀራራቢ ነበር። ቁጣቸውን ወረቀት ላይ አራግፈው ቀለል ብሏቸው ቃለ መጠይቅ መግባታቸው ይመስለኛል የረዳቸው። በተለይ ጉዳዩን ለማንም ማውራት ለማይችል ሰው ወረቀት ትልቅ ወዳጅ ነው። ሲጨርሱ ይቅደዱት፤ በተለይ የቃለ መጠይቁን ይዘት ወይም የሰዎችን ስም ከጻፉበት።

ደረጃ 4፦ የወደቁት ፖሊግራፍ (ውሸት መለያ የሚባለው መሣሪያ) ላይ ከሆነ

ይህን ክፍል ለብቻው የማደርገው፣ በፖሊግራፍ የወደቀ ሰው የሚሸከመው ሸክም ልዩ ስለሆነ ነው። እውነቱን ተናግሮ «ዋሽተሃል» ተብሏል። ደረቱና ጣቶቹ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ትንፋሹና ላቡ ተለክቶ፣ ሰውነቱ ራሱ የመሰከረበት ይመስለዋል።

መሣሪያው ግን ውሸትን አይለካም። የሚለካው የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ ትንፋሽንና የቆዳን እርጥበት ነው። ፍርሃትም፣ እፍረትም፣ ንዴትም እነዚህን ይቀይራሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይህን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ አንድ ስሌት አስቀምጧል። 10,000 ሠራተኞች አሉ፣ ከመካከላቸው 10ሩ ሰላዮች ናቸው እንበል። ፈተናው ከ10ሩ 8ቱን እንዲይዝ ተደርጎ ቢስተካከል፣ አብረው የሚያዙት ንጹሐን ወደ 1,600 ይጠጋሉ። ይህም መሣሪያው ደህና ትክክለኛነት እንዳለው ተገምቶ ነው። በሌላ በኩል ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል የነበረው የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲ አይ ኤ ሠራተኛ አልድሪች ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 ፖሊግራፍ ተፈትኖ አልፏል፤ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹ የግል ቀጣሪዎች ፖሊግራፍ እንዳይጠቀሙ ስትከለክል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ግን ሕጉ አይነካቸውም።

ይህን የምነግርዎት መሥሪያ ቤቱን እንዲጠሉ አይደለም። ከ1,600ዎቹ አንዱ ሊሆኑ እንደሚችሉ እንዲያውቁ ነው። ዋሽተው ከሆነ እርስዎ ያውቁታል። ካልዋሹ ደግሞ ከማንም ማሽን ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። «ፖሊግራፍ ማታለል እናስተምራለን» የሚሉትን ግን በሩቁ ይሽሿቸው፤ ገንዘብዎን ወስደው ለሚቀጥለው ሙከራ እውነተኛ የጥፋት መዝገብ ነው የሚተዉልዎት።

ደረጃ 5፦ ለማን ምን እንደሚሉ አስቀድመው ያዘጋጁ

የብሪታንያው የአገር ውስጥ ደህንነት ድርጅት ኤም አይ 5 አመልካቾቹ ጉዳዩን ከትዳር አጋር ወይም ከቅርብ ቤተሰብ ውጭ ለማንም እንዳይነግሩ ያሳስባል፤ ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ብቻውን ነው የሚያዝነው። ሙሉውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርዎት፤ የትዳር አጋር፣ እህት፣ ወላጅ። ለዚያ ሰው ሲነግሩ «ምንም አይደለም» ብለው አይጀምሩ፤ ያንን ካሉ የሚያጽናናዎት የለም።

ወሬውን ሰምቶ ለሚጠይቅ ለሌላው ሰው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አመልክቼ ነበር፣ በዚህ ዙር አልሆነም፣ አሁን ሌላ ነገር ላይ ነኝ።» ከመስታወት ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበሉት። ካልተዘጋጁ ወይ ይዋሻሉ ወይ አብዝተው ይናገራሉ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምንም አይለጥፉ፤ በምሬትም በቀልድም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገርዎት። ስለ እርስዎ የተጠየቁትን ሰዎች ያመስግኑ። ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ ምናልባትም ፈርተው፣ ከማያውቁት መርማሪ ፊት ተቀምጠው ስለ እርስዎ ተናግረዋል። ለየአንዳንዳቸው ይደውሉ፤ «ስለ እኔ ለሰጠኸው ጊዜ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጊዜ አልተሳካም» ይበሉ፣ ምን እንዳሉ ግን አይጠይቁ። ይህ ጥሪ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጥርጣሬ እንዳይበላችሁ ወዳጅነታችሁን ያድሳል፤ እንደገና ካመለከቱም እነዚሁ ሰዎች በደስታ ይናገሩልዎታል። እኔ ይህን ቀድሜ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ባልደረባዬን ሁለት ወር አላስቀይምም ነበር።

ደረጃ 6፦ ይግባኝ አለ ወይ? ፋይሉስ?

መልሱ እንደ አገሩና እንደ በሩ ነው። የአሜሪካን ምሳሌ ልውሰድ። የምስጢር ፈቃድ በይፋ ሲከለከል ሰውየው የምክንያት መግለጫ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ መልስ የማቅረብና ይግባኝ የማለት መብት አለው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጉዳይ ሰሚ ቢሮ ውሳኔዎቹን ስም እየሰረዘ ለሕዝብ ያወጣል። ጥቂቶቹን ያንብቡ። ዕዳ ያለበት ሰው የክፍያ ስምምነቱንና ደረሰኞቹን ይዞ ቀርቦ የተፈቀደለት፣ በቅጹ ላይ የደበቀ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር የተከለከለበት አለ። ከማንኛውም ምክር የበለጠ ያስተምራል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ መሥሪያ ቤቱ በቅድመ ሁኔታ የሰጠውን የቅጥር ደብዳቤ ብቻ ከሰረዘ፣ ያ ፈቃድ መከልከል ተብሎ ስለማይቆጠር ይህ የይግባኝ መንገድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። በብሪታንያም የደህንነት ማጣሪያ ይግባኝ ሰሚ አካል አለ፤ አዲስ ተቀጣሪዎችን ግን አያይም።

ፋይልን መጠየቅ ሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግል መረጃ ሕግ ስለራስዎ የተያዘውን መዝገብ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ከወራት በኋላ የሚደርስዎት ግን ብዙ ጥቁር መስመር ያለበት ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ስማቸው እንዳይገለጽ ቃል የተገባላቸው ሰዎች ስም ይሰረዛል። ስለዚህ ፋይሉን የሚጠይቁት «ማን አሳጣኝ?» ብለው ከሆነ ይቅርብዎ። «የተሳሳተ ነገር ተመዝግቦብኝ ይሆን?» ብለው ከሆነ ግን ይጠይቁ፤ የሌላ ሰው ዕዳ በስምዎ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ፣ ያ ደግሞ የሚስተካከል ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ ሰውነትዎን አይልቀቁት

ብዙዎች ለፈተናው ብለው ሲሮጡ ከርመው ደብዳቤው በደረሰ ማግሥት ጫማውን ይወረውሩታል። ሩጫውን ለመሥሪያ ቤቱ ሲሉ ጀምረውት ይሆናል፤ ሳንባው ግን የእርስዎ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በያዙት ሰዓት ይቀጥሉ። መጠጥ ከጨመሩ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ካላስደሰተዎት ባለሙያ ያማክሩ። መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሐኪም ወይም ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ፍርሃት፣ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ከሄድኩ መዝገብ ይሆንብኝና ዳግም አያልፉኝም» የሚል ነው። ሰዎች በዚህ ፍርሃት ተሸብበው ሲሰቃዩ አይቻለሁ። ቀደም ሲል ያነሳሁት የአሜሪካ መመሪያ፣ አንድ ሰው የምክር አገልግሎት ማግኘቱ ብቻውን በእሱ ላይ መጥፎ ግምት እንዳያስወስድ በግልጽ ይከለክላል። በራስ ፈቃድ መታከም እንዲያውም ለሰውየው የሚቆጠርበት ሁኔታ አለ። በሚኖሩበት አገር ያለውን ደንብ ያንብቡ፤ ግን በወሬ ብቻ ከሕክምና አይቅሩ።

ደረጃ 8፦ ቁስልዎን ለሚፈልጉ ሰዎች በር አይክፈቱ

ይህ ነገር ፊልም ይመስላል፤ ፊልም አይደለም። በደህንነት ሥራ አካባቢ የሚሽከረከር፣ ቅር የተሰኘና ሥራ የሚፈልግ ሰው ለውጭ ሰላዮችም ለአጭበርባሪዎችም ጥሩ ኢላማ ነው። ኤም አይ 5 እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ቢያንስ 10,000 የብሪታንያ ዜጎች እንደ ሊንክድኢን ባሉ የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጾች ከጠላት አገሮች ጋር በተያያዙ የሐሰት መለያዎች ቀርበዋቸዋል። አቀራረቡ የታወቀ ነው፤ ደስ የሚል የአማካሪነት ሥራ፣ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ክፍያ፣ ነጻ የአውሮፕላን ትኬት፣ «ስለ ልምድህ አጭር ጽሑፍ ጻፍልን» የሚል ጥያቄ። ሲጠራጠሩ አይመልሱ፤ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ።

«ውስጥ ሰው አለኝ፣ ገንዘብ ካለህ አስገባሃለሁ» የሚል ሰውም ይመጣል። ብሩን ሲቀበል በስምዎ ጉቦ ተፈጽሟል፤ ያኔ ጥርጣሬው ጥርጣሬ መሆኑ ያበቃል።

ደረጃ 9፦ ከዚያ ሥራ ምን ፈልገው እንደነበር ይጠይቁ

አስቀድሜ አንድ ተግባራዊ ነገር፦ የያዙትን ሥራ ይያዙ። በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ የቅጥር ደብዳቤ ቅጥር አይደለም፤ አዲሱን ሥራ የሚጀምሩበት ቀን በእርግጥ ሳይቆረጥ የያዙትን የለቀቁ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲጎዱ አይቻለሁ። ለቀው ከሆነም ለቀድሞ አለቃዎ ዛሬ ይደውሉ፤ እፍረቱ አንድ ቀን ነው።

ከዚያ ስሙንና መለዮውን ወደ ጎን ያድርጉና የሥራውን ልብ ይፈልጉ። የሚስብዎት ምርመራ ከነበረ ባንኮች ውስጥ ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተሉ ክፍሎች አሉ፤ ጉምሩክ አለ፤ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ አለ። ኮምፒውተር ከነበረ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ የማይፈልግ ሆስፒታል ወይም የመብራት ድርጅት የለም። ሰውን መጠበቅ ከነበረ የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ሥራ አለ። ለማመልከቻው ሲዘጋጁ የተማሩት ነገር፣ የተጣራ ሪፖርት መጻፍ፣ በጫና ውስጥ ረጋ ብሎ መናገር፣ ምስጢር መጠበቅ፣ እነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሚፈልጉት ነው።

እኔ ራሴን ስጠይቅ የፈለግኩት ነገር ሲከፋ የሚጠራ ሰው መሆን እንደነበር ገባኝ። አሁን የምሠራው የአደጋ ጊዜ ጥሪ መቀበያ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት አንዲት እናት ደወለች፤ ጭስ አለ፣ ልጆቹ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ትጮኻለች። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦታው ነው፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው የት እንደሚሄድ ይታወቃልና። «ያሉበትን ይንገሩኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ደግሜ አነበብኩላት፣ እጄ ግን ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ እርጋታ፣ ያንን ባለ ሁለት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ለላከልኝ መሥሪያ ቤት ብዬ የተለማመድኩት ነበር።

ደረጃ 10፦ እንደገና ለማመልከት ካሰቡ

መቼ እንደሚፈቀድ ደንቡን ያንብቡ፤ የመጠበቂያ ጊዜ የሚያስቀምጡ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከቀኑ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ምን ተለውጧል?» ነው። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ዕዳ፣ ያንኑ የሩጫ ሰዓት ይዘው ከመጡ መልሱም ያው ይሆናል። ወደ መጀመሪያው ዓምድ ይመለሱ። ዕዳ ካለ ከአበዳሪው ጋር የክፍያ ስምምነት ይፈራረሙና የየወሩን ደረሰኝ ያስቀምጡ። አደንዛዥ ዕፅ ከነበረ ጊዜ ራሱ ይሠራልዎታል፤ ኤፍ ቢ አይ ለምሳሌ ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ማሪዋና የተጠቀመን ሰው አይቀበልም።

ከአሁኑ አንድ ደብተር ይክፈቱ። የአሜሪካው የማጣሪያ ቅጽ የ10 ዓመት አድራሻና የሥራ ታሪክ በወርና በዓመት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋሽቶ ሳይሆን ረስቶ ነው። የገቡበትና የወጡበት ቤት፣ የአለቃዎ ስም፣ የተጓዙበት አገርና ቀን፣ የውጭ አገር ወዳጆችዎ፤ በየወሩ አንድ መስመር ይበቃል።

ሲያመለክቱ ቅጹ ላይ የሚያስደነግጥ ጥያቄ ይመጣል፦ ከዚህ በፊት ማጣሪያ ተደርጎብዎት ወይም ፈቃድ ተከልክለው ያውቃሉ? እጅ «አይ» ወደሚለው ይሄዳል። በደረጃ 2 ባነሳሁት ፈተና ወይም ሩጫ ላይ ብቻ የቀረ ሰው ጥያቄው የማይመለከተው ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ደጋግመው ያንብቡት። የሚመለከትዎት ከሆነ ግን «አዎ» ይበሉ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ቅጽ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው፣ የቀድሞ መዝገብዎንም ሊያዩት ይችላሉ። ቀጥሎ ቀኑንና መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል። ያንን ፖስታ ያውጡ፤ በጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ የጻፉት ቀን እዚያው አለ።